4,000 ሜትር ከየት ተለክቶ?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በወጣቶች ገጻችሁ ስለ ፓራሹት ዝላይ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብበነዋል። ወጣቱን ማነሳሳቱ ደግ ነው። ቅር ያሰኘን ዝግጅትን በአንድ ቃል፣ በ«ድፍረት»፣ መጨረሱ ነው። ወሎ ውስጥ ድፍረት ብርቅ አይደለም፤ ጓደኛው «አብሽር» ካለው ወደ ኋላ የሚል ወጣት ጥቂት ነው። የመጀመሪያ ዝላይ ደግሞ በፍርሃት አይበላሽም። የሚበላሸው በተደፈነ ጆሮ፣ በላላ የጭን ማሰሪያ፣ ማረፊያ ላይ ባልተነሳ እግርና ማንም ባልጠየቀው የከፍታ ቁጥር ነው።

ከቁጥሩ እንነሳ። ጽሑፉ ዝላዩ «ከ4,000 ሜትር ከፍታ» እንደሚደረግ ይናገራል፤ ከየት ተለክቶ እንደሆነ ግን አይናገርም። ከባሕር ጠለል ከሆነ 4,000 ሜትር ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ጫፍ በታች ነው፤ ላስታ ውስጥ ሰው በእግሩ ይወጣዋል። ከመሬት ከሆነ ደግሞ የኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ራሱ ከባሕር ጠለል በላይ 1,860 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ አውሮፕላኑ ወደ 5,860 ሜትር መውጣት አለበት። ብዙ የወሎ ልጆች የመጀመሪያ ዝላያቸውን የሚያደርጉት ዱባይ ነው፤ አንዳንዶች ኬንያ ዲያኒ ይሄዳሉ። ሁለቱም የባሕር ዳርቻ በመሆናቸው ከመሬትም ተለካ ከባሕር ጠለል ቁጥሩ ያው ነው። ችግሩ የሚመጣው ያ ልማድ ተራራ ሲወጣ ነው።

የአሜሪካ የፓራሹት ማኅበር ደንብ ከባሕር ጠለል በላይ ከ15,000 ጫማ፣ ማለትም ከ4,570 ሜትር፣ በላይ ለሚዘል ሁሉ ተጨማሪ ኦክስጅን ግዴታ ያደርጋል። እዚያ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 56 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። እንግዲህ ኮምቦልቻ ላይ ያለ ኦክስጅን የሚዘለልበት ጣሪያ ከመሬት 2,700 ሜትር አካባቢ ይሆናል። በጥንድ ዝላይ፣ ማለትም ጀማሪው ከአሰልጣኙ ጋር ተያይዞ በአንድ ፓራሹት በሚወርድበት፣ አሰልጣኙ ፓራሹቱን የሚከፍተው ከመሬት 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ በነጻ ለመውረድ የሚቀረው 1,100 ሜትር ነው። የመጀመሪያዎቹ 10 ሰከንዶች 300 ሜትር ያህል ይወስዳሉ፤ ከዚያ በኋላ በሰከንድ ከ55 ሜትር በላይ ይወረዳል። ጠቅላላው 25 ሰከንድ ቢሆን ነው። በባሕር ዳርቻ ከ4,000 ሜትር የሚዘል ሰው 45 ወይም 50 ሰከንድ ያገኛል። ኮምቦልቻ ላይ የአንድ ደቂቃ ውድቀት እሰጣለሁ የሚል አስተዋዋቂ ካጋጠማችሁ ኦክስጅኑን የት እንዳስቀመጠው ጠይቁት።

የደሴ ሰው ቀጭን አየር ለምዷል፤ ይህ ጥቂት ይረዳል። ትናንት ከገልፍ የገባ ዘመዱ ግን አልለመደም፤ ቢያንስ ሁለትና ሦስት ቀን መሬት ላይ ቢቆይ ይሻላል። የኦክስጅን እጥረት መጀመሪያ አያምም፤ ያስቃል፣ ያፈዛል፣ የሚሰጠውን ትእዛዝ ያዘገያል፣ ከንፈርና ጥፍር ያጠቁራል። በዚህ ምክንያት የጥፍር ቀለም ወይም ደማቅ እንሶስላ ያደረገች እህት ቢያንስ የአንድ ጣቷን ጥፍር ንጹሕ ብትተው ጥሩ ነው። ጣት ላይ የሚደረገውን የኦክስጅን መለኪያም ቀለሙ ሊያሳስተው ይችላል።

አየሩ መሳሳቱ የሚነካው ሳንባን ብቻ አይደለም፤ ፓራሹቱንም ይነካል። ኮምቦልቻ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለሉ 17 በመቶ ያህል የሳሳ ነው፤ ደሴ ከፍታ ላይ 22 በመቶ። ጨርቁ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ይበልጥ በፍጥነት መሄድ ስለሚኖርበት ፓራሹቱ ኮምቦልቻ ላይ 10 በመቶ፣ ደሴ ላይ 13 በመቶ ገደማ ፈጥኖ ወደ መሬት ይመጣል። ሙቀት ሲጨመርበት ይብሳል፤ 28 ዲግሪ በሆነ ቀትር የኮምቦልቻ አየር 2,800 ሜትር ላይ እንዳለ አየር ይሆናል፣ ፍጥነቱም ወደ 14 በመቶ ይጠጋል። በባሕር ዳርቻ ሜዳዎች ብቻ የሠራ አሰልጣኝ ፍሬኑን የሚስበው ዓይኑ በለመደው ጊዜ ስለሆነ ደጋ ላይ ሊዘገይ ይችላል። የጥንድ ፓራሹት ጨርቅ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 37 ካሬ ሜትር ነው፤ እዚህ አገር ለሚደረግ ዝላይ ትልቁን መምረጥ፣ የዘላዩንም የክብደት ወሰን ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል። ባሕር ዳርቻ ላይ 100 ኪሎ የሚቀበል ድርጅት ደጋ ላይ 90 ብሎ ቢመልሳችሁ አትከፉ፤ ሥራውን ያውቃል ማለት ነው። ሚዛን ላይ የምትወጡትም ልብስና ጫማችሁን እንዳደረጋችሁ ነው።

ከቁጥር ሳንወጣ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ መሣሪያ አለ። ዘላዩና አሰልጣኙ ራሳቸውን ቢስቱ እንኳ ተጠባባቂውን ፓራሹት ራሱ የሚከፍት፣ በአየር ግፊት ከፍታን የሚለካ አነስተኛ ኮምፒውተር ነው። ከሁሉም የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1991 ጀርመን ውስጥ የወጣው ሳይፕረስ ነው። የጥንድ ዝላይ ሥሪቱ ከመሬት 580 ሜትር ላይ ሆኖ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ35 ሜትር በላይ ከሆነ ተጠባባቂውን ይለቃል። «መሬት» የሚለው ግን ሲበራ የነበረበትን ቦታ ነው። ኮምቦልቻና ደሴ በ600 ሜትር ይበላለጣሉ። ኮምቦልቻ ላይ በርቶ፣ ልዩነቱ ሳይሞላለት፣ ደሴ ዙሪያ ሜዳ ላይ ለሚያርፍ ዝላይ ቢወሰድ መሣሪያው የሚጠብቀው 580 ሜትር ከደሴ መሬት በታች ይሆናል፤ ሥራውን ሳይጀምር መሬት ይደረሳል። ደሴ በርቶ ኮምቦልቻ ለሚያርፍ ደግሞ ከመሬት 1,180 ሜትር ላይ፣ በጣም ቀደም ብሎ ይነቃል፤ የዘገየ መከፈት ካጋጠመ ዋናውና ተጠባባቂው አንድ ላይ ሊወጡ ይችላሉ። እጅ ላይ የሚታሰረው የከፍታ መለኪያም በዚያው ስሌት ይሳሳታል። ስለዚህ መነሻና ማረፊያው የተለያየ ከሆነ ዘላዩ «ልዩነቱ ገብቷል ወይ? ስንት ተብሎ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ተራ ጥያቄ ነው፤ የሚቆጣ አሰልጣኝ ካለ ቸግሮታል ማለት ነው።

ወደ ሰውነት እንለፍ። የምንጽፈው ታንደም ስለሚባለው ጥንድ ዝላይ ነው። አብዛኛው ጀማሪ የሚጀምረው በዚህ ነው፤ ጀርባውን ለአሰልጣኙ ሰጥቶ ከፊቱ ተያይዞ፣ በአንድ ፓራሹት። ብቻውን ከ1,000 ሜትር አካባቢ በገመድ በሚከፈት ፓራሹት የሚጀምርም፣ ሁለት አሰልጣኞች ግራና ቀኝ ይዘውት የሚጀምርም አለ፤ እነዚህ የአንድ ሙሉ ቀን ትምህርት ይፈልጋሉ። ለጥንዱ ግን ግማሽ ሰዓት ማብራሪያ በቂ ነው ስለሚባል ሰው ዝግጅት የማያስፈልገው ይመስለዋል።

የልብ ሕመም፣ ያልተስተካከለ የደም ግፊት፣ የሚጥል በሽታ፣ እርግዝና፣ የቅርብ ጊዜ ቀዶ ጥገና፣ የወገብና የአንገት ዲስክ ያለበት ሐኪሙን ሳያማክር አይመዝገብ። ትከሻው ወጥቶ የሚያውቅ ሰው አስቀድሞ ይናገር፤ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ነፋስ ክንድ ሲዘረጋ ያ ትከሻ እንደገና ሊወጣ ይችላል። ኢንሱሊን የሚወስድም እንዲሁ። ዲያኒ ሄዶ የታመቀ አየር ታጥቆ ባሕር ውስጥ የጠለቀ ሰው ከመዝለሉ በፊት 24 ሰዓት ይጠብቅ፤ ካልሆነ በደሙ ውስጥ የቀረው ናይትሮጅን ከፍታ ላይ አረፋ ይሠራል።

ጉንፋን ከሁሉ የሚናቀው ነው፣ ጉዳቱ ግን ብዙ ነው። ከደሴ በሐረጎ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ የማን ጆሮ ነው የማይደፈን? ያንን 600 ሜትር መኪና በብዙ ደቂቃ ይወርደዋል፤ በነጻ የሚወድቅ ሰው በ10 ሰከንድ ገደማ። አፍንጫው ካልታፈነ ፓራሹቱ ከተከፈተ በኋላ አፍንጫውን ይዞ ቀስ ብሎ በመንፋትና ምራቅ በመዋጥ ይከፈታል። ከታፈነ ግን ታምቡሩ ወደ ውስጥ ይጎተታል፣ ግንባርና ጉንጭ በኩል ያሉ የሳይነስ ቀዳዳዎች ያማሉ፣ አንዳንዴም ይደማሉ። ሐረጎን ስትወርዱ ጆሮአችሁ ኮምቦልቻ ደርሳችሁም ካልተከፈተ በዚያ ሳምንት አትዝለሉ። አፍንጫ የሚከፍት ጠብታ ተጠቅሞ መዝለልም አይመከርም፤ አየር ላይ ኃይሉ ካለቀ ችግሩ ይመለሳል።

ምግብ። ባዶ ሆድ መሄድ የተሻለ የሚመስለው ብዙ ነው፤ የተገላቢጦሽ ነው። ያልበላና ውኃ ያልጠጣ ሰው ነው ማሰሪያው ላይ ተንጠልጥሎ የሚያዞረው። ከሁለት ሰዓት በፊት ዳቦ ወይም ቂጣ በሻይ በቂ ነው። ሽሮ፣ ባቄላና ሽምብራ ከአንድ ቀን በፊት ይቅሩ፦ ከኮምቦልቻ ተነስቶ 4,570 ሜትር ሲደረስ በሆድ ውስጥ ያለ ጋዝ 40 በመቶ ያህል ይሰፋል፣ በላዩ ላይ ደግሞ ማሰሪያ ጠብቋል። ቡናውም ከአቦል ባያልፍ ይመረጣል፤ በረካ ድረስ ጠጥቶ፣ ጭኑ ታስሮ፣ በትንሽ አውሮፕላን ውስጥ ከግማሽ ሰዓት በላይ መቀመጥ አለና። ጠላና አረቄ ቢያንስ ከዋዜማው ይቁሙ። ጫትም እንዲሁ፤ የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ምርቃናው ሲወርድ ደግሞ ሰውየው አሰልጣኙ የሚለውን እየሰማ አይሰማም። በረመዳን የሚዘል ሰው ከሱሁር በኋላ የማለዳውን በረራ ይያዝ፣ ካልተገኘ ከዒድ በኋላ ያድርገው። እስከ 9 ሰዓት የሚጾምም ያው ነው።

ልብስ ላይ ብዙ አንቆይም። ጉልበት እንደ ልብ የሚያሳጥፍ ሱሪ፣ በማሰሪያ የሚጠብቅ ጠፍጣፋ ጫማ፣ ስስ ሹራብ። ከኮምቦልቻ 2,700 ሜትር ሲወጣ ሙቀቱ 17 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ ታች 27 የነበረው ላይ 10 ነው። የገመድ ማስገቢያ ብረት ያለው ቦት አይሆንም፤ ፓራሹት ገመድ ይይዛል። ሂጃብ የምታደርግ በመርፌ ቁልፍ ሳይሆን በሚለጠጥ ጨርቅ ጠበቅ አድርጋ ጫፉን ልብሷ ውስጥ ትክተት፤ ነጠላና ሻርፕ መሬት ይቅሩ። ማተብና ሐብል አንገት ውስጥ ይግቡ፣ ቀለበት ይውለቅ። ኪስ ባዶ ይሁን፤ ስልክም ጭምር። በእጅ ስልክ ይዞ መቅረጽ የሚፈቅድ አሰልጣኝ ካለ ከሱ ጋር አትዝለሉ።

ማሰሪያው ላይ ግን ቆም እንበል። አደጋ ሲፈጠር ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የጨርቁ አለመከፈት ይመስላል፤ ጀማሪው ሊያየውና ሊጠይቅበት የሚችለው ነገር ግን ማሰሪያው ነው። የደረት ማሰሪያ፣ ሁለት የጭን ማሰሪያዎች፣ የሆድ ቀበቶና ከኋላ የጭን ማሰሪያዎቹን ከላይኛው ክፍል ጋር የሚያያይዘው ማሰሪያ አለ። የመጨረሻው ተራ ጌጥ ይመስላል፤ ሥራው ዘላዩ ጉልበቱን ወደ ላይ ሲያጥፍ መቀመጫው በክፍቱ በኩል ወደ ኋላ እንዳይሾልክ መያዝ ነው። ቀጫጭን ሴቶች፣ ሆዳቸው የገፋ ሰዎችና አረጋውያን ላይ ካልጠበቀ አደገኛ ነው። የጭኑ ማሰሪያ ጭን መሃል ላይ ሳይሆን ብሽሽት ድረስ ይውጣ። ቆማችሁ «ጠበቀኝ» የምትሉት አየር ላይ ተቀምጣችሁ ልክ ይሆናል፤ ቆማችሁ የተመቻችሁ ልል ነው።

ከአሰልጣኙ ጋር የሚያያይዙት አራት መንጠቆዎች ናቸው፤ ሁለቱ ትከሻ ላይ፣ ሁለቱ ዳሌ ላይ። የሚያያዙት አውሮፕላኑ ውስጥ፣ ከመዝለል ትንሽ ደቂቃዎች በፊት ነው። ዳሌ ላይ ያሉት ከተያያዙ በኋላ እንደገና ይጎተቱና ይጠብቃሉ፤ ከላሉ ዘላዩ ወደ ፊት ይንጠለጠላል፣ ሁለቱ ሰውነቶች አንድ መሆናቸው ይቀርና ውድቀቱ ይወዛወዛል። አራቱንም ድምፅ አውጥታችሁ ቁጠሩ፤ አሰልጣኙም አብሮ እየነካ ይቁጠር። መሣሪያው ራሱ ሦስት ጊዜ ይታያል፦ ከመልበስ በፊት፣ ከመሳፈር በፊት፣ ከመዝለል በፊት። ተጠባባቂው ፓራሹት መቼ እንደታጠፈ የሚገልጽ ካርድ ከመሣሪያው ጋር አለ። በአሜሪካ ደንብ በ180 ቀን አንዴ ፈቃድ ባለው ሰው ተከፍቶ እንደገና ይታጠፋል፤ ቀኑን ማየት ነውር አይደለም። አሰልጣኙንም ስለ ልምዱ ጠይቁ፦ በአሜሪካው የፓራሹት ማኅበር ደንብ ለጥንድ አሰልጣኝነት ቢያንስ 500 ዝላይና የሦስት ዓመት ልምድ ይፈለጋል።

በሩ ሲከፈት የሚጠበቅባችሁ ሦስት ነገር ነው፤ እጅ የትከሻ ማሰሪያውን ይያዝ፣ ራስ ወደ ኋላ ተደግፎ አሰልጣኙ ትከሻ ላይ ይሁን፣ ዳሌ ወደ ፊት ተገፍቶ ተረከዝ በአሰልጣኙ እግሮች መሃል ወደ ኋላ ይታጠፍ። የሰው ተፈጥሮ የሚያዘው ተቃራኒውን ነው፦ መኮማተርንና ያገኙትን መጨበጥ። የተኮማተረ ዘላይ ሁለቱንም ያገለብጣል። የበሩን ጠርዝ የያዘ አወጣጡን ያጣምማል። የአሰልጣኙን እጅ የያዘ ግን ከሁሉ ይብሳል፤ ያ እጅ ከዘለሉ በኋላ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ድሮግ የምትባለውን ትንሽ ፓራሹት መልቀቅ አለበት። ድሮጓ ባትኖር ሁለት ሰው አንድ ላይ ሲወድቅ በሰዓት ከ270 ኪሎ ሜትር ያልፋል፣ ዋናውም በዚያ ፍጥነት ሲከፈት ጨርቅም ሰውም ይጎዳል። እሷ ወደ 200 ትመልሰዋለች። ከዚያ ትከሻችሁ መታ መታ ሲደረግ እጃችሁን ዘርጉ፣ ክርናችሁ ታጥፎ።

«መተንፈስ አቃተኝ» የሚሉ አሉ። አየሩ አልጠፋም፤ ትንፋሻቸውን ራሳቸው ይዘውት ነው። በአፍንጫ መተንፈስ ይቻላል፤ ካልሆነ መጮህ ይረዳል፤ የሚጮህ ሰው አየር ማስገባቱ አይቀርም።

ፓራሹቱ ሲከፈት ጭን ላይ ያለው ማሰሪያ ክብደቱን ሁሉ ስለሚይዝ ደም ወደ እግር ይጠራቀማል፣ ማቅለሽለሽና መፍዘዝ ይመጣል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ እግራችሁን አሰልጣኙ ጫማ ላይ አቁማችሁ ጥቂት ቀና ማለት፣ እሱም የዳሌውን መንጠቆ ጥቂት ማላላት። «ቀስ አድርገህ አዙር» ብሎ መጠየቅም ይቻላል፤ ፈጣን ዙር ለቪዲዮ ያምራል እንጂ ለጨጓራ አይሆንም።

ማረፊያውን በተመለከተ ከወሎ አባቶች ጋር በአክብሮት የምንለያይበት ነጥብ አለ። በየቀበሌው በአየር ወለድ ያገለገሉ ሰዎች አይጠፉም፤ ለወጣቱም «እግርህን ግጠም፣ ጉልበትህን አላላ፣ መሬት ስትነካ ተንከባለል» ብለው ይመክራሉ። ምክራቸው ለክብ ፓራሹት ትክክል ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 ሁበርት ጁሊያን አዲስ አበባ ላይ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፊት የዘለለበት ዘመን ፓራሹት ሁሉ እንዲያ ነበር፤ ቀጥ ብሎ በሰከንድ አምስት ስድስት ሜትር ይወርዳል፣ ፍሬን የለውም። የዛሬው የጥንድ ፓራሹት አራት ማዕዘን ነው፣ ወደ ፊት ይበርራል፣ መሬት ሲቃረብ በፍሬን ይገታል። እዚያ ላይ እግሩን ወደ ታች የዘረጋ ጀማሪ ከፊት ስለሆነ መጀመሪያ መሬት የሚነካው የሱ እግር ይሆናል፤ ቁርጭምጭሚቱ የሁለት ሰው ክብደትና የፓራሹቱን ፍጥነት ይቀበላል። ስለዚህ ጉልበት ወደ ላይ፣ እግር ወደ ፊት ቀጥ፣ እጅ ከጭን በታች ይዞ ማንሳት፤ በመቀመጫ መንሸራተት። አሰልጣኙ «ቁም» ካላለ አትቁሙ። መንከባለሉ ብቻቸውን ለሚዘሉ ዛሬም ይማራል፤ በጥንድ ላይ ግን ይረሳ።

እግር ማንሳት ቀላል ይመስላል። ሆድና ጭን ያልለመደው ሰው ግን ፈርቶና ደክሞ ከ5 ሰከንድ በላይ አይዝም። ቤት ውስጥ መደብ ወይም አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ ሁለቱን እግር ወደ ፊት ቀጥ አድርጎ 10 ሰከንድ መያዝ፣ አምስት ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ፣ ለሁለት ሳምንት። ከጽሑፋችሁ የ«ድፍረት» አንቀጽ ይልቅ ይህ ቢታተም የስንቱን ቁርጭምጭሚት ባተረፈ። ልምምዱን ያቃተው ሰው አስቀድሞ ለአሰልጣኙ ይንገር፤ እግር የሚያነሳ ተጨማሪ መያዣ ሊደረግለት ይችላል።

እዚሁ ወሎ ውስጥ ይዘለል ለሚሉ ደግሞ ስለ ሜዳውና ነፋሱ ጥቂት እንበል። ለጥንድ ዝላይ ማረፊያ በዙሪያው ቢያንስ 50 ሜትር ከእንቅፋት ነጻ ይሁን ይባላል፤ ብቻውን ለሚዘል ተማሪ 100 ሜትር። ከላይ ባዶ የሚመስል የእርሻ መሬት ግን የእርከን ካብ አለው፤ ቆላው ላይ ቁልቋል፣ በመኸር ከሰው ቁመት የሚያልፍ ማሽላ፣ በየመንገዱ ዳር የኤሌክትሪክ ሽቦ። የቆቦ ሜዳ ሰፊና ዝቅ ያለ በመሆኑ ከደሴ ዙሪያ አምባዎች ይሻላል። ኮምቦልቻ ተሳፋሪ አውሮፕላን የሚያርፍበት ስለሆነ ያለ ሲቪል አቪዬሽን ፈቃድና ለአብራሪዎች የሚተላለፍ ማስታወቂያ አይታሰብም። ነፋስ ሸንተረር ተሻግሮ ሲመጣ ከኋላው ይታወካል፤ ሁከቱም ከእንቅፋቱ ቁመት ከ10 እስከ 20 እጥፍ ርቀት ሊደርስ ይችላል። 200 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ በነፋሱ አቅጣጫ እስከ 4 ኪሎ ሜትር ሊያናውጥ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ በቦርከና ሸለቆ ሰዓቱ ማለዳ ነው፣ ከጠዋቱ 1 እስከ 4 ሰዓት፤ መሬቱ ግሎ አየር ወደ ላይ መነሳት ሳይጀምር። ብቻውን ለሚዘል ተማሪ የነፋሱ ወሰን በሰዓት 22 ኪሎ ሜትር ነው። ደመና ሜዳውን ከሸፈነ አይዘለልም፤ በሐምሌና ነሐሴ የመጣ ሰው ሦስት ቀን ጠብቆ ሊመለስ ይችላል። ለአንድ ቀን ብቻ ፈቃድ ወስዶ መምጣትም ሰውን ያጣድፋል፤ ቢያንስ ሁለት ማለዳ ይያዝ።

አንድ ነገር ደግሞ የውጭ መጽሐፍ ላይ አይገኝም። ሰማይ ላይ ፓራሹት ከታየ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ወደ ማረፊያው ይሮጣል። ፓራሹቱ ግን ወደ ፊት እየበረረ ስለሚመጣ ከፊቱ የቆመውን ሕፃን አሰልጣኙ በመጨረሻው ሰከንድ ዞሮ ሊያልፈው አይችልም፤ ዝቅ ብሎ መዞር ራሱ ከከባድ አደጋዎች መንስኤዎች አንዱ ነው። ልጆቹን በነፋሱ መምጫ በኩል ሳይሆን ከሜዳው ጎን፣ ገመድ ተዘርግቶ፣ ከቀበሌው ሰዎች ጋር ማስቀመጥ፣ ከብቶቹንም ማስወጣት ከፓራሹት ማጠፍ እኩል ሥራ ነው። ይህንን ያላሰበ አዘጋጅ ሌላውንም አላሰበም።

በሚቀጥለው እትማችሁ ቢያንስ የ4,000 ሜትሩን ቁጥር «ከመሬት በላይ፣ በባሕር ዳርቻ ሜዳ» በሚል እንድታስተካክሉልን፣ ከጎኑም የኮምቦልቻን 2,700 ሜትር እንድታወጡልን እንጠይቃለን።

ሁለት የፓራሹት ዝላይ አሰልጣኞች
ደሴና ኮምቦልቻ